ቆዳችንን እንወቅ፦ ስለ ቆዳ፣ ስለ እጢዎች፣ ስለ ጠጉርና ስለ ጥፍር



ከሰውነት ብልቶች ሁሉ ትልቁ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን ዘወትር የምናየውና የምንዳስሰው ቆዳችን ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቆዳ ጀርም ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከላከላል፤ የሰውነት ውኃ ተንኖ እንዳያልቅ ይጠብቃል፤ ሙቀትን ያስተካክላል፤ ሕመምንና ንክኪን ለአእምሮ ያሳውቃል፤ በፀሐይ ብርሃን አማካይነትም ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ያዘጋጃል።

ስለ ቆዳ በዚህ ስፍራ ለመጻፍ ያነሣሡን ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ወደ እስራኤል የመጣ ሰው ሁሉ ቆዳው ከአዲስ አየር፣ ከአዲስ ፀሐይና ከአዲስ አኗኗር ጋር የሚገናኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ፣ በዓለም ላይ ያሉ ብዙዎቹ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት የበሽታ ምልክቶችን የሚያሳዩት በነጭ ቆዳ ላይ በሚታዩበት መልክ መሆኑ ነው። በመሆኑም በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ያለ ምልክት ሳይታወቅ ሊታለፍ ወይም በሌላ ሊተረጎም ይችላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከእናንተ የተሻለ ሰው የለም፤ የራሳችሁንና የልጆቻችሁን ቆዳ ከማንም አስቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁና።

የቆዳ ሦስት ድርብርቦች

ቆዳ አንድ ወጥ ነገር ቢመስልም በሦስት ድርብርቦች የተሠራ ነው። የላይኛው ድርብ እጅግ ቀጭን ነው። በዓይን ሽፋን ላይ ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ ሲሆን፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ግን ከ1 ሚሊሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ድርብ ውስጥ የደም ሥር የለም። ከግርጌው አዳዲስ ሕዋሳት ያለማቋረጥ እየተፈጠሩ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ወደ ላይ በወጡ መጠን እየጠፈጠፉ፣ እየደረቁና ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር እየተሞሉ ሄደው በመጨረሻ ይሞታሉ። እንግዲህ በእጃችን የምንዳስሰው የቆዳችን ገጽ የሞቱ ሕዋሳት ንጣፍ ነው። ከግርጌ እስከ ገጽ ያለው ይህ ጉዞ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ገላችንን ስናሽ እየተጠቀለለ ከሚወጣው ውስጥ ብዙው እድፍ ሳይሆን ይኸው ጊዜውን የጨረሰ ቆዳ ነው። ስለዚህ ቆዳን በሻካራ ነገር እስኪቃጠል ድረስ መፈተግ መከላከያውን ማሳሳት እንጂ ንጽሕና አይደለም።

መካከለኛው ድርብ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ኮላጅን የተባሉ ክሮች እንደ ሽመና ተሰናስለው ጥንካሬ ይሰጡታል። በአገራችን የከብት ቆዳ ተፍቆና ለፍቶ ጀንዲ ወይም ስልቻ ሲሆን የሚቀረው ክፍል ይህ መካከለኛው ድርብ ነው። የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ የጠጉር ሥሮችና እጢዎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ቆዳችሁ ተጭሮ ሳይደማ ከቀረ ጉዳቱ በላይኛው ድርብ ላይ ተወስኗል፤ ከደማ ግን መካከለኛው ድርብ ተነክቷል ማለት ነው። ሦስተኛውና የታችኛው ድርብ ስብ ነው። እርሱም ሰውነትን ከብርድ ይጠብቃል፤ በምንወድቅበት ጊዜም ለአጥንትና ለጡንቻ እንደ ፍራሽ ያገለግላል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ቢኖርም ቆዳ ፈጽሞ የማይደፈር ግንብ አይደለም። ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ ትሎች በወንዝና በሐይቅ ውኃ ውስጥ ሳሉ ጤነኛ ቆዳ ሰርስረው መግባት ይችላሉ። መንጠቆ ትል የሚባለውም በባዶ እግር ከሚረግጥ ሰው እግር ሥር ይገባል። ቢልሃርዝያ ምንም ስሜት ሳይሰጥ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሐኪም ከኢትዮጵያ በመምጣታችሁ የሰገራ ወይም የደም ምርመራ ቢያዝላችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ። በሽታው ከተገኘ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል።

የቆዳ ቀለም ከየት ይመጣል?

በአማርኛ የሰውን መልክ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንለያለን። እነዚህን ሁሉ መልኮች በዋነኛነት የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ሜላኒንን የሚያመርቱት ሕዋሳት በላይኛው ድርብ ግርጌ ይገኛሉ። ቁጥራቸው በነጭ ሰውም ሆነ በጥቁር ሰው ላይ ተቀራራቢ መሆኑን ስትሰሙ ምናልባት ትደነቁ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ሕዋሳቱ በሚያመርቱት የሜላኒን መጠንና ዓይነት ላይ ነው። ይህ ቀለም በየሕዋሱ እንብርት ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይመክታል። ስለሆነም ጠቆር ያለ ቆዳ በብርቱ ፀሐይ ሥር ለኖሩ ሕዝቦች የተሰጠ መከላከያ ነው።

ይህን እያወቁ አንዳንድ ወጣቶች በአዲሱ አካባቢ ለመመሳሰል ብለው ቆዳን ያነጣሉ የሚባሉ ቅባቶችን ከገበያ ወይም ከግለሰቦች ይገዛሉ። ወላጆች ሆይ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ካለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ከእነዚህ ቅባቶች መካከል ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ተገኝተዋል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ሰርጎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ስቴሮይዱ ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉር ያወጣል፤ ሲቋረጥም ፊትን ያቃጥላል። ቅባቱን ሲጠቀም የቆየ ሰው ካለ ሳትገሥጹ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ፀሐይ፣ ቫይታሚን ዲና አጥንት

ቆዳ የፀሐይን ብርሃን ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ያዘጋጃል። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ካልሲየም በሚገባ ወደ አጥንት አይደርስም፤ የሕፃናት አጥንት ይለሰልሳል፣ እግራቸውም ይጎብጣል። ሜላኒን ጎጂውን ጨረር እንደሚመክት ሁሉ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትንም ጨረር ስለሚቀንስ፣ ጠይም ቆዳ ያለው ሰው ያንኑ ያህል ለማዘጋጀት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ገጠር ቀኑን ሙሉ በደጅ ይዋል ነበር። እዚህ ግን ብዙው ሰዓት በመኖሪያ ቤት፣ በኡልፓንና በፋብሪካ ውስጥ ያልፋል። በመሆኑም ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት መታየቱን በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

በእስራኤል የጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ይሰጣቸዋል። ጡት የሚጠባ ጤነኛ ሕፃን ጠብታ አያስፈልገውም ብላችሁ አታቋርጡ፤ የእናት ጡት ወተት ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ምግብ ቢሆንም የዚህ ቫይታሚን መጠኑ አነስተኛ ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁም የደም ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ይህ ማለት ግን በቀትር ፀሐይ መቀመጥ ይገባል ማለት አይደለም። በበጋ ከጠዋቱ 10፡00 እስከ ከሰዓት በኋላ 16፡00 ባለው ጊዜ፣ በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር፣ ጥላ መፈለግና ባርኔጣ ማድረግ ለሁሉም ሰው ይበጃል። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ የሚመጣውን የቆዳ ካንሰር ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። ከዚህም በላይ በጥቁር ሰዎች ላይ አደገኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። በነዚህ ስፍራዎች አዲስ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ፣ ወይም የቆየው ከሰፋ፣ ቅርጹ ከተዛባ ወይም ከደማ ሳታመነቱ ታከሙ።

ላብና ወዝ

በቆዳችን ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ እጢዎች አሉ። ሰውነት ሲሞቅ ላብ ያፈልቃሉ፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብርቱ ሙቀት የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከዚያ መጥቶ በቤር ሼባ ወይም በቤት ሸአን በጋ የሚያሳልፍ ሰው ሰውነቱ አዲሱን ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ከባድ ሥራ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ሻራቭ የሚባለው ደረቅና ሞቃት ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ላቡ ወዲያው ስለሚተን የወጣው ውኃ አይታወቅም። ስለዚህ ጥማት ሳትጠብቁ ውኃ ጠጡ፤ ለሽማግሌዎችና ለሕፃናትም ደጋግማችሁ ስጡ። በሙቀት ምክንያት የተደናገረ፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ካያችሁ ወደ ጥላ አውጡት፤ ውኃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፤ በስልክ ቁጥር 101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ። ሕፃንን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

በብብትና በጉያ አካባቢ ሌላ ዓይነት የላብ እጢዎች አሉ። እነዚህ ሥራቸውን የሚጀምሩት በጉርምስና ጊዜ ነው። የሚያወጡት ፈሳሽ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሽታውን የሚያመጡት በቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በየቀኑ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ የውስጥ ልብስ መለወጥ፣ እንዲሁም የብብት ሽታ መከላከያ መጠቀም ይበቃል። ልጃችሁ ዕድሜው ሲደርስ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ከሚሰማው አስቀድሞ ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።

ሦስተኞቹ የወዝ እጢዎች ናቸው። ከጠጉር ሥር አጠገብ ተቀምጠው ቆዳንና ጠጉርን የሚያለሰልስ ቅባት ያፈልቃሉ። በጉርምስና ጊዜ ወዙ በዝቶ ቀዳዳው ሲደፈን ብጉር ይወጣል። ብጉርን ማፍረጥ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ያስቀራል። በግንባር ላይ የሚወርድ ቅቤም ቀዳዳውን ይደፍናል።

ጠጉር

በራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጉ ጠጉሮች አሉ። እያንዳንዱ ጠጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያህል ያድጋል፤ ከዚያም ጥቂት ወራት ዐርፎ ይወድቃል፤ በስፍራውም አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ቢረግፍ አትደንግጡ። የራስ ጠጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። ከቆዳ በላይ የሚታየው ክፍል ሕይወት የለውም፤ ሲቆረጥ የማያመውም ለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ሥሩ የተቀመጠበት ጉድጓድ ቀጥ ያለ ከሆነ ጠጉሩ ዞማ ይሆናል፤ ጉድጓዱ የተጠማዘዘ ከሆነ ደግሞ ጠጉሩ ይከረደዳል።

የተከረደደ ጠጉር ወዙ እስከ ጫፉ ስለማይደርስለት ይደርቃል፣ ይሰበራልም። እናቶቻችን ቅቤ ሲቀቡ የሚያገለግለው ለዚህ ነበር። ቅቤ ጠጉርን ያለሰልሳል እንጂ ሥሩን አይመግብም፤ ሌላ ተስማሚ ቅባትም ያንኑ ያህል ይሠራል። ሹሩባ ውብ ባህል ነውና አትተዉት። ነገር ግን ሲሠሩት ሕፃኒቱን የሚያሳምማት ወይም ቅንድቧን ወደ ላይ የሚስብ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቋል። በየጊዜው የሚጎተት ሥር በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ይሳሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለም ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል።

በልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የሚመለጥና የሚቀረፍ ስፍራ ከታየ ላሽ ወይም የራስ ጭርት ሊሆን ይችላል። መንሥኤው ፈንገስ ነው። ከጠጉር ሥር ውስጥ ስለሚገባ በሚቀባ መድኃኒት ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ቅማልም በዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በሁሉም ሕዝብ ልጆች ላይ የሚገኝ ነውና አያሳፍርም። ቅማሉንም ቅጫሙንም በጥሩ ማበጠሪያ እየለቀማችሁ፣ ከፋርማሲ በሚገኝ መድኃኒት አክሙ። ጋዝ ወይም የተባይ መርዝ በልጅ ራስ ላይ ፈጽሞ አታፍስሱ።

ጥፍር

ጥፍርም እንደ ጠጉር ከኬራቲን የተሠራ ነው። የሚያድገው በቆዳ ሥር ከተሸፈነው ክፍሉ ነው፤ በአውራ ጣት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነጣ ብላ የምትታየው የዚህ ሥር ጫፍ ናት። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል ይፈጅበታል። የእግር ጥፍር ግን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስድበታል። የእግር ጥፍር ፈንገስ መድኃኒት ውጤቱ ቶሎ የማይታየውም ለዚህ ነው፤ ታክሞ የዳነው ጥፍር ከሥር አድጎ እስኪወጣ መታገሥ ያሻል።

ጥፍር የውስጥ ጤንነትንም ያመለክታል። ሳስቶ መካከሉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍር የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። ጠይም በሆኑ ሰዎች ጥፍር ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመሩ ጥቋቁር መስመሮች የተለመዱና በአብዛኛው ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ነገር ግን በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ቆዳው የተሻገረ መስመር በሐኪም መታየት አለበት።

በጠይም ቆዳ ላይ ሕመም እንዴት ይታወቃል?

ሐኪሞች ቆዳው ቀልቷል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን የተቆጣ ስፍራ ብዙ ጊዜ ቀይ ሳይሆን ከወትሮው የጠቆረ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ መልክ ይኖረዋል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትወሰኑ፤ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ትኩስ ነው? አብጧል? ጠጥሯል? ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። የሕፃን ቢጫነት ከቆዳው ይልቅ በዓይኑ ነጭ ክፍልና በድዱ ላይ ይታያል። ደም ማነስ በታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ፣ በምላስና በመዳፍ ላይ ይታወቃል። አየር ያጠረው ሰው የከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ይለወጣል።

በጣት ላይ እየተቆነጠጠ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አለ። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከእውነተኛው የበለጠ መጠን የሚያሳይበት ጊዜ ከነጮቹ ይልቅ ተደጋግሞ ተገኝቷል። የጥፍር ቀለምና ሂናም ልኩን ሊያዛቡት ይችላሉ። ስለሆነም ቁጥሩ ደኅና ነው ቢባልም ትንፋሽ እያጠራችሁ ከሆነ፣ ትንፋሼ አጥሮኛል ብላችሁ ደግማችሁ ተናገሩ።

ወደዚህ አገር ስትመጡ የሚደረግላችሁ የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራም እንዲሁ ነው። በክንድ ላይ ከተወጋ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል፤ የሚለካውም መቅላቱ ሳይሆን በጣት የሚዳሰሰው ጥጥር እብጠት ነው። በቀጠሮው ቀን ሳትቀሩ ሂዱ። እብጠት መገኘቱ ታማችኋል ማለት ሳይሆን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በሕፃናት ወገብ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት

ብዙዎቹ ልጆቻችን ሲወለዱ በወገባቸው ወይም በመቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ምልክት ይኖራቸዋል። ይህ የሚሆነው ሜላኒን የሚሠሩ ሕዋሳት በመካከለኛው ድርብ ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። አያሳምምም፤ መድኃኒትም አይሻም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ለትምህርት እስኪደርስ ባለው ጊዜ እየደበዘዘ ይጠፋል።

እኔ ከእናንተ አስቀድሜ የመጣሁ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ ከገጠሙኝ ነገሮች አንዱ የሚከተለው ነው። አንዲት እናት ሕፃንዋን ወደ መዋያ ባስገባች በሳምንቱ፣ ተንከባካቢዋ በሕፃኑ ወገብ ላይ ያለውን ምልክት ተመልክታ ተመትቷል ስትል ጠረጠረች። እናቲቱ የምትመልስበት ቋንቋ አጥሯት አንገቷን ደፋች። በባህላችን አንገት መድፋት አክብሮት ነው፤ በዚያ ክፍል ግን ጥፋትን እንደ ማመን ተቆጠረባት። ነገሩ የተፈታው የሕፃናት ሐኪም መርምሮ፣ ከልደት ጀምሮ ያለ የቆዳ ቀለም መሆኑን በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ያች እናት ልጄን ይወስዱብኛል እያለች ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራለች።

ስለዚህ ሕፃን የወለዳችሁ ሁሉ፣ በመጀመሪያው የቲፓት ሐላቭ ጉብኝት ምልክቱን ለነርሷ አሳዩ፤ ስፍራውና ስፋቱ በልጁ መዝገብ ላይ እንዲጻፍም ጠይቁ። ወደ መዋያ ሲገባም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ልዩነቱን ለሚጠይቃችሁ ሰው እንዲህ በሉ፦ በመመታት የመጣ ምልክት ሲነኩት ያምማል፣ በቀናት ውስጥም መልኩን እየለወጠ ይጠፋል፤ ይህ ግን አያምምም፣ ለወራትም እንዳለ ይቆያል።

በቤት ውስጥ ልትጠነቀቁት የሚገባ

ቃጠሎ። ጀበናው መሬት ላይ በሚቀመጥበት ቤት፣ የሰንበት ፕላታና የፈላ ውኃ መያዣም ሕፃን በሚደርስበት ስፍራ ባለበት ቤት አደጋ ቅርብ ነው። ሕፃን ከተቃጠለ ወዲያውኑ ስፍራውን በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ አቆዩ። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄት ወይም እንቁላል አታድርጉ፤ ሙቀቱን ያምቁታል ወይም ቁስሉን ያመረቅዙታል። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትን፣ እጅን ወይም ብልትን ከነካ 101 ደውሉ።

እከክ። በዓይን የማትታይ ተባይ በላይኛው የቆዳ ድርብ ውስጥ ቦይ ቆፍራ እንቁላሏን ስትጥል የሚመጣ በሽታ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ይበዛል። ማሳከኩ ተባዩ ከገባ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ የሚያከውም የማያከውም የቤተሰቡ አባል ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። አንድ ሰው ብቻ ከታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። የአልጋና የገላ ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ።

ምች። በከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል ምች መታው እንላለን። መንሥኤው ቫይረስ ነው። አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ብርቱ ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኘው ይቀሰቀሳል። አባቶቻችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ከንቱ አልነበረም ማለት ነው። ለጎልማሳ ቀላል የሆነው ይህ በሽታ ለአራስ ሕፃን ግን ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ስለዚህ ምች የወጣበት ዘመድ፣ አያትም ቢሆን፣ ቁስሉ እስኪድን ሕፃኑን አይሳም። ይህን መናገር ክብርን መንፈግ አይደለም።

የእግር ጥንቃቄ። ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ አመጋገብና እንቅስቃሴ ስለሚለወጥ የስኳር በሽታ በወገኖቻችን ላይ ጨምሯል። ይህ በሽታ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሰው ቢወጋም አይሰማውም። የስኳር ሕመም ያለባችሁ በየቀኑ እግራችሁን ከሥር ሳይቀር ተመልከቱ፤ ማየት ለሚያዳግታቸው ልጆቻቸው ይመልከቱላቸው። በባዶ እግር አትሂዱ። የተሰነጠቀ ተረከዝ ከታጠበ በኋላ በቅባት ይለስልስ።

ከሐኪም ጋር ስትነጋገሩ

ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከየት ወደ የት እንደ ተዛመተ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል መሆኑን፣ በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ መኖሩን፣ ምን እንደ ተቀባችሁበትም ንገሩ። የባህል መድኃኒት፣ ብጣት ወይም ዋግምት ተደርጎም ከሆነ አትሸሽጉ፤ ሐኪሙ ጠባሳውን የበሽታ ምልክት አድርጎ እንዳይወስደው ይረዳዋል። በአስተርጓሚ ስትናገሩም ተጠንቀቁ። ልጄ ቀይ ናት ስትሉ መልኳን ማለታችሁ ሳለ ቆዳዋ ቀልቷል ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ከተቻለ ምልክቱ ጎልቶ በታየበት ጊዜ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡና አሳዩ።

በ1996 በወጣው የሕሙማን መብት ሕግ መሠረት ሐኪም ስለ ሕክምናችሁ በምትረዱት መንገድ ሊያስረዳችሁ ይገባል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተስማሚ እንዲያደርጉ አዟል። ስለዚህ በቁፓት ሖሊማችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሴቶች በሴት ሐኪም መታየት ከፈለጋችሁ ይህንኑ ተናገሩ። ዕብራይስጥ ቶሎ የለመደውን ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አትውሰዱ። ልጅ የወላጁን ገመና ሲተረጉም ሁለቱም ያፍራሉ፤ ዋናው ነገርም ሳይነገር ይቀራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገራችን ሰው። ቆዳ ደግሞ የሚታይ ስለሆነ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያፍርበት የሕመም ስፍራ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታጥቡ ጥቂት ጊዜ ወስዳችሁ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ተመልከቱ። ጤነኛው ቆዳቸው ምን እንደሚመስል ካወቃችሁ፣ የተለወጠውን ዕለት ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ትሆናላችሁ።